እግዚአብሔርን ታምኖ ባለጉዳይን «ነገ ና» ማለት አለ እንዴ?

ልደታ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ደጆች አሉ። አንደኛው የልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ሁለተኛው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት ደጅ ነው። ሁለቱ ደጆች አይራራቁም፤ ሰውም ከአንደኛው ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ የቤተ ክርስቲያኑን በር የተሳለመች እናት፣ ሦስት ሰዓት ላይ የታሰረ ልጇን ቀጠሮ ለመስማት ፍተሻው ጋ ተሰልፋ ታገኟታላችሁ። በሁለቱም ደጅ የምትለው ቃል አንድ ነው፤ «አንተ ታውቃለህ!»

ይህን ቃል ለፈጣሪዋ ስትለው ጸሎት ነው። ስለ ችሎቱ ስትለው ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ፍርድ ቤት የሚሠራው በሕግና በማስረጃ ነዋ! ዜጋ መብቱን ሊጠይቅ በሄደበት የመንግሥት ደጅ እንደ ታቦት ደጅ ተንበርክኮ «እንደ ፈቃድህ» ካለ፣ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። ለመሆኑ በእግዚአብሔር በሙሉ ልብ መታመን ማለት ይህ ነው? በወረዳው መስኮት፣ በጉሊቱ፣ በታክሲው፣ በኪራይ ቤቱ፣ እግዚአብሔርን በሙሉ ልቡ የታመነ ክርስቲያን ምን ዓይነት ሰው ነው? ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

እኔ የነገረ መለኮት ሊቅ አይደለሁም። አንዲት የኮሌጅ ዲፕሎማ ይዤ፣ በጻፍኩት ልክ የሚከፈለኝ (ሲከፈለኝ!) ጋዜጠኛ ነኝ። ቋሚ ደመወዝ የሌለው ሰው ስለ መታመን ቢያወራ ግን ያምርበታል። የወሩን የቤት ኪራይ ከየት እንደሚያመጣ የማያውቅ ሰው፣ መታመን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከማንም ሳይማር ያውቀዋልና።

ቃሏ ያለ ሥራዋ ስትሠራ

«በእግዚአብሔር ታመን» የምትለዋ ቃል በዘመናችን ያልተፈጠረችባቸው ሦስት ሥራዎች ተሰጥተዋታል።

አንደኛ፣ ለባለሥልጣን መሸሸጊያ ሆናለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆጠሩ 100 ብርን ተሻገረ። ይህ ከሰማይ የወረደ በረዶ አይደለም። ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ የወሰነው አካል አለው። ትክክል ነበር የሚል ይከራከር፤ ስህተት ነበር የሚልም ይከራከር። ነገር ግን ዘይትና ጤፍ ሲወደድ «የፈተና ዘመን ነው፣ እንጸልይ» የሚለውን ምክር ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚሰጠን ፊርማው ያለበት ወገን ሲሆን ያስቃል፤ ቀጥሎም ያሳዝናል። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። የዛሬዎቹ ደግሞ ራሳቸው ሰማይ ጋ ሄደው ተሸሽገው፣ «ክሱን ወደዚያ» ይሉናል።

ሁለተኛ፣ ለዜጋው ማስተኛ ኪኒን ሆናለች። የልደታ ሰው ይህንን ጠንቅቆ ያውቀዋል። የድሮው ልደታ ከነእድሩ፣ ከነእቁቡ፣ ከነጀበናው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ ቦታውን ኮንዶሚኒየም ወርሶታል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ በከተማይቱ ብዙ ሠፈሮች ፈረሱ። በየቡናው ላይ የምሰማው አንድ ዓይነት ንግግር ነው፤ «ምን እናደርጋለን፣ እሱ ያውቃል»። አዎ፣ እሱ ያውቃል! ነገር ግን ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅ ይዞታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ ማስታወቂያ፣ ስለ ካሣ፣ ስለ አቤቱታና ስለ ይግባኝ ይናገራል። አቤቱታው ቀነ ገደብ አለው። «እሱ ያውቃል» ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ደብዳቤ ቢጽፍ የሚሰማው የለም። በጊዜው የጠየቀ ሁሉ መልስ ያገኛል እያልኩ አይደለም፤ እንደማያገኝም በዓይናችን አይተናል። ያልጠየቀ ግን የተነፈገውን እንኳ በወረቀት ማሳየት አይችልም።

ሦስተኛዋ ትብሳለች። እምነት ሎተሪ ሆኗል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም (የወሩ ልደታ መሆኗ ነው) የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የ14ኛውን ዙር የ20/80 እና የ3ኛውን ዙር የ40/60 ቤቶች ዕጣ አወጣ። ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ነበሩ። የወጣላቸው እልል አሉ፤ ስለት አስገቡ። ለዓመታት ቆጥበው ያልወጣላቸው ደግሞ «የኔ ኃጢአት ነው» ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። ቀናት ሳይቆዩ አስተዳደሩ ራሱ «በዕጣው መረጃ ላይ ማጭበርበር ተፈጽሟል» አለና ዕጣውን ሰረዘው፤ በ2015 ዓ.ም እንደገና ወጣ። እንግዲህ ፍረዱ! ያ ምስኪን ኃጢአቱን ሲቆጥር ያደረው ኮምፒውተር ላይ ለተሠራ ደባ ነበር። የሰውን ወንጀል በእግዚአብሔር ፈቃድ ስም መዝግቦ ማለፍ መንፈሳዊነት ይመስላል እንጂ፣ ፈጣሪን በሐሰት መወንጀል ነው።

በታክሲ ላይ ያልተለጠፈችው ጥቅስ

በሙሉ ልብ ስለ መታመን የምትናገረው ጥቅስ የታወቀች ናት፤ ምሳሌ ምዕራፍ 3 ቁጥር 5። በየሳሎኑ በፍሬም ተሰቅላለች። በሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ ተለጥፋለች። በሠርግ መጥሪያ ካርድ ላይ ትታተማለች። መልእክቷም ግልጽ ነው፤ በራስህ ብልጠት አትደገፍ፣ ልብህን ሳትከፍል ለፈጣሪህ ስጥ ነው የምትለው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ መጽሐፉን ገልጣችሁ እዚያው ምዕራፍ ላይ ወረድ በሉ። ቁጥር 27 እና 28 ላይ ስትደርሱ፣ ማድረግ የምትችለውን መልካም ነገር ከሚገባው ሰው አትከልክል፤ በእጅህ ያለውን ነገር ለባልንጀራህ ነገ ተመለስ አትበለው የሚል ትእዛዝ ታገኛላችሁ። ቁጥር 29 ደግሞ አምኖህ በጎንህ በሚኖር ጎረቤት ላይ ክፉ አትምከር ይላል። እግዚአብሔርን ታመን ያለው አፍ፣ ከዚያው ምዕራፍ እንኳ ሳይወጣ «ነገ ና» አትበል ብሏል ማለት ነው! እስከ ዛሬ ቁጥር 28ን የለጠፈ ሚኒባስ አልገጠመኝም። በወረዳ መስኮት ላይ ብትለጠፍ ግን እንዴት ባማረባት!

ስሙን ከማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ወረቀት ላስጨርስ ሄጄ ነበር። ከኮምፒውተሩ በላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ ሥር ይህችው ምሳሌ 3፥5 በሚያምር ፊደል ተጽፋለች። የመጀመሪያው ቀን «ሲስተም የለም» ተባልኩ። በማግስቱ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። በሦስተኛው ቀን «ነገ ና»። በአራተኛው ቀን ከበሩ ላይ የሚቆም አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ የሻይ ካለህ አሁን ላስጨርስልህ» አለኝ። ሲስተሙ ለካ የሚሠራው በሻይ ኖሯል! አልከፈልኩም፤ ወረቀቷም ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ፈጀች። እዚያ ቢሮ የሚሠሩት ሰዎች ግን አርብ ጠዋት ጾም ናቸው፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ ናቸው፣ የግንቦት ልደታ ዕለት ንፍሯቸውን ቀቅለው ከጎረቤት ጋር ደጅ ወጥተው ይበላሉ። አማኝ አይደሉም ልል አልችልም። የሚያምኑት ግን እስከ መስኮቱ ድረስ ነው።

ጉዳዩን ወደ ሥሩ እንውሰደው። ጉቦ የሚቀበል ክርስቲያን ያጣው ምንድን ነው? ሕግ አያጣም፤ ያውቀዋል። ኃጢአት መሆኑንም ያውቃል። የጎደለው መታመን ነው። በደመወዙ ብቻ ቢኖር ፈጣሪ ከነልጆቹ እንደማይጥለው አያምንም። አፉ «እግዚአብሔር እረኛዬ» ይላል፤ እጁ ግን «እረኛው ቢዘነጋኝስ?» እያለ ከመሳቢያው ሥር ይቀበላል። ሚዛን የምታጎድል ነጋዴም እንደዚያው። ተከራዩን በድንገት ውጣልኝ የሚል አከራይም እንደዚያው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የወጣው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሞላበት አገር ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ቢታመን ኖሮ ለዚህ ሁሉ አዋጅ ባስፈለገ ነበር?

አውቃለሁ፣ ትሉኛላችሁ፤ «የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ እኮ አሥር ቀን አያደርስም!» እውነት ነው። ይህ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ልንጮህበትም ይገባል። ሠራተኛው ግን የመንግሥትን ዕዳ የሚያስከፍለው ማንን ነው? ለልጇ የልደት ካርድ ልታወጣ የመጣችውን የጉሊት ሻጭ! እሷ ደግሞ ደመወዝ የሚባል ነገር ጭራሽ የላትም።

ጸሎትም አቤቱታም

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ ደጅ እንመለስ። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ስለ ጸሎት ሲያስተምር በምሳሌነት ያመጣት ሴት ማን ናት? ገዳም የገባች አይደለችም። እግዚአብሔርን የማይፈራ፣ ሰውንም የማያፍር ዳኛ ዘንድ እየተመላለሰች «ፍረድልኝ» ያለች መበለት ናት። ዳኛው የሰለቸው ከመመላለሷ የተነሳ ነው። ሳትታክቱ ጸልዩ ለማለት የተመረጠችው አብነት ሳትታክት አቤት ያለች ሴት መሆኗ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ቅዱስ ጳውሎስም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 25 ላይ ፍርዱ ሊጣመምበት እንደሆነ ሲያይ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። እምነት አነሰው የሚል አለ? ነህምያም ቅጥሩን ሲሠራ ጸለየ፤ ደግሞም ዘበኛ አቆመ። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ታመን የሚል ትምህርት አላቸው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልገን። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾምን ባሉ ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። ሲኖዶሱ አወገዛቸው። በሻሸመኔ የምእመናን ደም ፈሰሰ። ምእመኑ በጾመ ነነዌ ሦስቱ ቀናት ጥቁር ለብሶ ምሕላ ላይ ዋለ። መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያውን ዘጋ። ታዲያ ቤተ ክርስቲያኒቱ «ጸልየናል፣ ይበቃል» ብላ ቁጭ አለች? የለም! በሕግ ባለሙያዎቿ በኩል ክስ መሠረተች። የት? እዚሁ ልደታ ችሎት! እግድም ተሰጣት። በየአደባባዩ ሰልፍ ጠራች፤ ሰልፉም ውይይት ተጀምሮ ተላለፈ። በየካቲት ወር ስምምነት ተደረሰ። የስምምነቱን አፈጻጸም ዛሬም የሚተቹት አሉ፤ እሱ ሌላ ርዕስ ነው። እኔ የማነሳው ግን ጥቁር የለበሰው ምእመንና ፋይል የተሸከመው ጠበቃ ያን ሰሞን አንድ ሥራ ይሠሩ እንደነበር ነው። ምሕላው ጠበቃውን ሥራ ፈት አላደረገውም፤ የጠበቃው ፋይልም ምሕላውን ከንቱ አላደረገውም።

በዚያው በልደታ ደጅ የኛም ሙያ ሰዎች ተመላልሰዋል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ጋዜጠኞች ጉዳይ የታየው እዚሁ ነው። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። ከዘጠኙ አምስቱ ሐምሌ 2007 ዓ.ም ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የቀሩት በጥቅምት 2008 ዓ.ም ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። በእነዚያ ወራት ወላጆች ምሳ ቋጥረው፣ ሻማ አብርተው፣ ጠበቃ አቁመው፣ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ተገኙ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባል የለ? እንባውም ነበረ፤ ቀጠሮውም አልተዘለለም።

ዋጋ የከፈሉት

«እንዲህ ሁሉን ነገር ራሳችን ካደረግነው ለእግዚአብሔር ምን ቀረለት?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚቀርለት ትልቁ ነው፤ ውጤቱ ይቀርለታል። የኛ ድርሻ ትክክለኛውን ነገር ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ እንጀራችን ትቀጥላለች ወይስ ትቆረጣለች፣ እንታሰራለን ወይስ እንፈታለን የሚለውን ለእሱ መተው ነው መታመን። ሰነፍ የሚተወው ሥራውን ነው፤ አማኝ የሚተወው ፍርሃቱን ነው።

አቡነ ጴጥሮስን ተመልከቱ። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ለወራሪው ተገዝተው፣ አርበኞቹን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ ተጠየቁ። እሺ ቢሉ በሕይወት ይኖሩ ነበር። እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም በዚህችው ከተማ በጥይት ተገደሉ። ሐውልታቸውን በ2005 ዓ.ም ለባቡሩ ሥራ ሲባል አንስተነው፣ በ2008 ዓ.ም መለስነው። ባቡሩም ይኸው ልደታን አቋርጦ ያልፋል። ብፁዕነታቸው የሰፈር ሰው ናቸው ማለቴ ነው፤ በስንክሳር ውስጥ ብቻ የሚነበቡ ሩቅ ሰው አይደሉም።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም አሉ። ደርግ እንደሚያጠፋቸው እያወቁ፣ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። በዚያው ዓመት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም ከመንበራቸው ወርደው ታስረው ከቆዩበት ተገደሉ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም ነው። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ሉተራን፤ ገዳያቸው ግን አንድ። ከእነዚህ ሦስት አባቶች መካከል በዚህ ዓለም የተጠቀመ የለም። መኪና አልወጣላቸውም፣ ቪላ አልወጣላቸውም። ዛሬ መድረክ ላይ ወጥቶ «እመን፣ ነገ መኪና ትነዳለህ» የሚለን ሰባኪ ሁሉ እነሱ አላመኑም ነበር ሊለን ነው?

እኔና እናንተን እንደዚያ ያለ ፈተና ላይገጥመን ይችላል። የኛ ፈተና ትናንሽ ናት፣ በየቀኑም ትመጣለች። ሒሳብ ሠራተኛው ሐሰተኛ ደረሰኝ ላይ ፈርም ሲባል። መምህሩ የኃላፊውን ልጅ ውጤት ከፍ አድርግ ሲባል። ፖሊሱ ያላየውን አየሁ ብለህ ቃል ስጥ ሲባል። ምስክሩ ልደታ ችሎት ቆሞ መስቀል ጨብጦ ሲምል። ጋዜጠኛው ይህቺን አንቀጽ አውጣት ሲባል። በዚያች ደቂቃ ሰውየው የሚያምነው ማንን እንደሆነ ይታያል። አለቃውን ነው ወይስ አምላኩን? ፊርማውን እምቢ ያለ ሰው ነገ ከሥራ ሊባረር ይችላል። ሰማዩ ተከፍቶ መና ላይወርድለት ይችላል። እሱ ግን ጥቅሷን ሳይለጥፋት ኖራታል።

ሁላችንም እንደዚያ ብናደርግ አገር የሚያፈርስ ሐሰተኛ ሰነድ ማን ይፈርመው ነበር? ባለሥልጣን ብቻውን ስንት ወረቀት ይፈርማል? ስንት ቤት በገዛ እጁ ያፈርሳል? ስንት ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ለአመፅ ብቻ አይደለም፤ እምቢ ብለው ለቆሙ ትናንሽ ሰዎችም ይሠራል። ፖለቲካ ውስጥ አልገባም የሚል ክርስቲያን በሐሰት ባለመፈረም ብቻ ትልቁን ሥራ ሠርቷል።

እንግዲህ በመጪው የወሩ ልደታ የምትሳለሙ ወገኖች፣ ጸሎታችሁን አታጉድሉ፤ ለአገራችንም ጸልዩ፣ ሰላም እንደ ውኃ ጠምቶናልና። ከደጁ ስትወጡ ግን ቀጠሮ ያለው ቀጠሮው ላይ ይገኝ። አቤቱታ ያለው ቀኑ ሳያልፍ ያስገባ፣ ኮፒውንም ይያዝ። መስኮት ውስጥ የምትቀመጡ ደግሞ፣ ያቺ ሴትዮ ስንተኛ ቀኗ እንደሆነ ጠይቋትና ወረቀቷን ዛሬውኑ ስጧት። እሷም ወደ ቤቷ ስትሄድ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትላለች። ያን ጊዜ ምርቃቱ ይደርሳችኋል።

ለሁላችንም ልቦና ይስጠን!